ሽሮው ይወፍር! ሥጋ ሳይበዛ በቂ ፕሮቲን ለመላው ቤተሰብ

በዚህ ወር የጤና አምዳችን በብዙ ቤት ማዕድ ላይ የሚነሳ አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል፦ «ሥጋ ካልተበላ ፕሮቲን ከየት ይገኛል?»

ጥያቄው ከብዙ አቅጣጫ ነው የሚመጣው። አንዱ ቤት ልጁ ሥጋ ሲቀርብለት አፉን ግጥም ያደርጋል። ሌላው ቤት ጾም ነው፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በምእመናን ላይ ግዴታ የሆኑትን አጽዋማት የሚጾም ሰው በዓመት 180 ቀን ያህል ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃል፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ሌላው ቤት ደግሞ ጉዳዩ የኪስ ነው፤ የኮሎምቢያ ሃይትስን ኪራይ ከፍሎ የጨረሰ ሰው የሥጋውን ዋጋ አይቶ ወደ ምስሩ መደርደሪያ ቢዞር ማን ይፈርድበታል? ልጅ ለመያዝ ከአገር ቤት የመጡ አያትም አሉ፤ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጾመው፣ ከዚያ በኋላ በሁለት ጉርሻ «በቃኝ» የሚሉ።

መልሱን ሳናንዛዛ እንናገረው። የእናቶቻችን የጾም ማዕድ ለልጅም ለአዋቂም የሚበቃ ፕሮቲን አለው። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ ጥራጥሬው በእርግጥ ሳህኑ ላይ መኖር አለበት። እዚህ አገር ስንኖር ሳናውቀው የሚቀንሰው እሱ ነው። ሽሮው ይቀጥናል፣ ወተቱ ስሙ ብቻ ወተት በሆነ ነገር ይተካል፣ ልጁም ሩዙን ብቻ በልቶ ይነሳል። ዛሬ እነዚህን ፕሮቲን የሚያመልጥባቸውን 3 ቀዳዳዎች አንድ በአንድ እናያለን።

ስንት ግራም ያስፈልገናል?

ፕሮቲን ጡንቻን፣ ቆዳን፣ ፀጉርንና ደምን ለመሥራት፣ በሽታን ለመከላከልም የሚያስፈልግ ምግብ ነው። ሰውነታችን ስብን እንደሚያጠራቅመው ፕሮቲንን ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥበት ጎተራ የለውም። ስለዚህ በየቀኑ መግባት አለበት።

መጠኑ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው የሚያስፈራ አይደለም። በአሜሪካ በሥራ ላይ የቆየው መመሪያ ለጤናማ አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ይላል። ክብደታችሁን በፓውንድ የምታውቁ ከሆነ በ0.36 አባዙት። 150 ፓውንድ የሚመዝን ሰው 54 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ለልጆች በዕድሜ የተቀመጠው ልክ ይህ ነው፦

ከ1 እስከ 3 ዓመት፦ በቀን 13 ግራም
ከ4 እስከ 8 ዓመት፦ 19 ግራም
ከ9 እስከ 13 ዓመት፦ 34 ግራም
ከ14 እስከ 18 ዓመት፦ ለሴቶች 46፣ ለወንዶች 52 ግራም
ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፦ 71 ግራም

አያችሁ፣ የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ የሚያስፈልገው 19 ግራም ብቻ ነው። የሚያስጨንቀው የትንሹ ልጅ ሳይሆን የእናቲቱ ቁጥር ነው። እርጉዝ ወይም የምታጠባ ሴት ከሌላው ጊዜ በጣም የበለጠ ያስፈልጋታል። ልጆቿን አብልታ በተረፈው የምትውል እናት ይህን ቁጥር ልብ ትበል።

ሥጋና ምስር በሚዛን ላይ

አንድ ነገር እንመዝን። 1 ፓውንድ ደረቅ ምስር ውስጥ 110 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። 1 ፓውንድ ያልበሰለ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ውስጥ ደግሞ 78 ግራም ገደማ። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበባችሁት፤ ደረቁ ምስር ይበልጣል። በእርግጥ ምስር ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ያው ፕሮቲን በትልቅ ድስት ይከፋፈላል። የጥራጥሬ ፕሮቲንም እንደ ሥጋው ሙሉ በሙሉ አይፈጭም፤ ጥቂቱ ሳይጠቅመን ያልፋል። ስለዚህ ጭልፋውን ትንሽ ለጋስ ማድረግ ነው እንጂ የሚጎድል ነገር የለም።

አሁን ወደ በሰለው ምግብ እንሂድ። ኩባያ ስንል የቡና ሲኒ ማለታችን አይደለም፤ እዚህ ለመለኪያ የሚሸጠውን፣ 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው።

1 ኩባያ የበሰለ ምስር፦ 18 ግራም
1 ኩባያ የበሰለ አተር ክክ፦ 16 ግራም
1 ኩባያ የበሰለ ጥቁር ቦሎቄ፦ 15 ግራም
1 ኩባያ የተቀቀለ ሽምብራ፦ 14 ግራም ተኩል
1 ኩባያ የተቀቀለ ባቄላ፦ 13 ግራም
2 የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ፦ 7 ግራም

ጾም በማይሆንበት ጊዜ ወይም በማይጾም ቤት ደግሞ 1 እንቁላል 6 ግራም፣ 1 ኩባያ የላም ወተት 8 ግራም ይሰጣል። ሥጋ ለማይወድ ልጅ እንቁላል፣ እርጎና አይብ ካሉ ጭንቀቱ ከግማሽ በላይ ቀለለ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀዳዳ፦ የቀጠነ ሽሮ

ሽሮ የሁላችንም ባለውለታ ነው። ግን ሽሮ ሁሉ አንድ አይደለም። 100 ግራም የሽምብራ ዱቄት 22 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ቅመሙ ሲገባበት በትንሹ ይቀንሳል፤ 20 ግራም ብለን እንያዘው።

ለ4 ሰው ሩብ ፓውንድ፣ ማለትም 113 ግራም የሽሮ ዱቄት በውሃ አቅጥነን ብንሠራ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ከ5 እስከ 6 ግራም ፕሮቲን ነው። ድስቱ ሙሉ ነው፣ ሆድም ይሞላል፤ የሞላው ግን ውሃውና እንጀራው ነው። ያንኑ ሽሮ በእጥፍ ዱቄት ብናወፍረው 11 ግራም ይደርሳቸዋል። ሽሮ ፈሰስና ተጋቢኖ በጣዕም ብቻ አይደለም የሚለያዩት፤ በፕሮቲንም ነው። እንግዳ ሲመጣ ድስቱ ላይ ውሃ መጨመር የቆየ ልማድ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ግን ከውሃው ጋር ዱቄትም ይጨመር።

ሌላም ነገር አለ። ልጆች ምስር ወጥ ሲቀርብላቸው እንጀራውን በመረቁ እያጠቀሱ ምስሩን ጥለውት ይነሳሉ። ምስሩን በማንኪያ ስጧቸው። «በእጅ ካልሆነ አይጥምም» የምትሉ እናንተ በእጃችሁ ብሉ፤ ለልጁ ማንኪያ ይሻላል።

ሁለተኛው ቀዳዳ፦ ስሙ ወተት የሆነ ሁሉ ወተት አይደለም

በጾም ወራት ብዙ ቤት የአልመንድ ወተት ይገዛል። ይጣፍጣል፣ ካርቶኑም ያምራል። ነገር ግን 1 ኩባያ የአልመንድ ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን 1 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የሩዝና የኮኮናት ወተትም ያው ነው። የአኩሪ አተር ወተት ግን በ1 ኩባያ 7 ግራም ያህል አለው፤ ለላም ወተት የሚቀርበው እሱ ነው። 2 ኩባያ የሚጠጣ የ3 ዓመት ሕፃን በአንደኛው 2፣ በሌላኛው 14 ግራም ያገኛል። ከዕለት ፍላጎቱ ጋር አስተያዩት፤ 13 ነበር።

ስለዚህ ስትገዙ ካርቶኑን አዙራችሁ «ፕሮቲን» ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር እዩ። ስኳር ያልተጨመረበትን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የተጨመረበትን የአኩሪ አተር ወተት ምረጡ። 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ከእናት ጡት ወይም ከፎርሙላ ሌላ ወተት በምትኩ አይሰጥም፤ የላምም ቢሆን።

ሦስተኛው ቀዳዳ፦ ሩዝ፣ ጥብስ ድንችና ጭማቂ

የኛ ልጆች እዚህ ሲያድጉ አፋቸው ወደ ፓስታና ሩዝ ያደላል። ይህ ኃጢአት አይደለም። ፓስታም ፕሮቲን የለውም ማለት አይቻልም፤ 1 ኩባያ የበሰለ ፓስታ 8 ግራም አለው፣ ሩዝ ደግሞ 4። ችግሩ ልጁ ሩዙን በልቶ፣ በላዩ ጭማቂ ጠጥቶ ሲጠግብ ነው። ጭማቂ ውስጥ ፕሮቲን የለም ማለት ይቻላል፤ ሆዱን ግን ይይዛል።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ልጁ በሚወደው ውስጥ ጥራጥሬውን መደበቅ። ለፓስታ የቲማቲም ስጎ ስትሠሩ ግማሽ ኩባያ ቀይ የምስር ክክ ጨምሩበት። ሃያ ደቂቃ ሲበስል ይሟሟል፤ ማን ያውቀዋል? ያ ግማሽ ኩባያ 24 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ለ4 ሰው 6 ግራም ይደርሳል። ሩዙ ላይ ጥቁር ቦሎቄ፣ ዳቦው ላይ የኦቾሎኒ ቅቤ አድርጉ። ኦቾሎኒ የማያስገባ ትምህርት ቤት ከሆነ ከሱፍ አበባ ፍሬ የሚሠራ ቅቤ በየሱቁ አለ።

እንጀራና ወጥ ለምን ተጋቡ?

ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 9ኙን ሰውነታችን መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። እህሎች፣ ማለትም ስንዴ፣ ሩዝና በቆሎ፣ ላይሲን የሚባለው ያንሳቸዋል። ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜታዮኒን የሚባለው ያንሰዋል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ጤፍ ከስንዴ የተሻለ ላይሲን ቢኖረውም ጥራጥሬውን የሚተካ ግን አይደለም። እንጀራ በምስር ስንበላ ታዲያ ሳይንሱን ሳናውቀው ሠርተነዋል ማለት ነው።

ይህን ማጣመር አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ያወቀው ፍራንሲስ ሙር ላፔ የተባለች ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ ነው። ያኔ ሁለቱ በአንድ ማዕድ ላይ ካልተገናኙ አይሆንም የሚል ግንዛቤ ተስፋፋ። ጸሐፊዋ ራሷ ግን በ1981 እትሟ ይህ ያን ያህል ጥብቅ መሆን እንደማያስፈልገው አርማ ጻፈች። ዛሬ ያለው ምክርም ይኸው ነው፤ ጠዋት ኦትሚል፣ ማታ ምስር ቢሆን ሰውነት በቀኑ ውስጥ ያገናኘዋል።

በአገራችንም ይህ ዕውቀት የሕፃናትን ሕይወት ለማዳን ውሏል። ፋፋን የማያስታውስ ማን አለ? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ተቋም ጡት ለሚተዉ ሕፃናት የሚሆን፣ ወላጅ በአቅሙ የሚገዛው ምግብ ፈለገ። ለየሕፃኑ በየቀኑ ሥጋ ማቅረብ የማይታሰብ ነበር። ያገኙት መልስ እህል፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና የዱቄት ወተት ቀላቅሎ ቫይታሚን መጨመር ነበር። ስሙን ስንሰማ «ልጁ ፋፋ» የሚለው ይታወሰናል። ዛሬ ዲሲ ውስጥ ለሕፃን ገንፎ ስትሠሩ ያንኑ ሐሳብ መከተል ትችላላችሁ፤ ለ3 እጅ የእህል ዱቄት 1 እጅ የሽምብራ ዱቄት (በርበሬ የሌለበት ነጭ ሽሮ) ጨምሮ በደንብ ማብሰል።

ስለ ጥራጥሬ ካነሳን ስለ ጓያም አንድ ቃል። ጓያ ፕሮቲን የሞላው ነው፤ ድርቅም ይችላል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ የሚያደርግ መርዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በጣና ዙሪያ፣ በደምቢያና በፎገራ፣ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። እዚህ ልዩ ልዩ ምግብ ለሚበላ ሰው አልፎ አልፎ የሚገኝ ጥቂት ጓያ ያን ያህል አያሰጋም። ቢሆንም ከአገር ቤት ሽሮ ሲላክላችሁ ከምን እንደተፈጨ ጠይቁ። ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ እያቀያየሩ መብላት ከሁሉም ይሻላል።

ፕሮቲኑ ሞልቶ ሌላው እንዳይጎድል

ሥጋ ሲቀነስ ከፕሮቲን ይልቅ የሚያሳስቡ 2 ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ደምንና ነርቭን የሚጠብቅ ቫይታሚን ሲሆን ከዕፀዋት አይገኝም። እንጀራ ስለቦካ ቢ12 አለው የሚለው ወሬ የሚታመን አይደለም። ጾሙ ሲፈታ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ የሚበላ ሰው ጉበቱ ውስጥ ስንቅ ስላለው ብዙም አይጎዳም። መጠንቀቅ ያለባቸው ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ፈጽመው የተዉ፣ አረጋውያን፣ እርጉዞች፣ እንዲሁም ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን የሚወስዱ ሰዎች ናቸው፤ መድኃኒቱ ቢ12ን ይቀንሳል። ቢ12 የተጨመረበት ሲሪያልና የአኩሪ አተር ወተት አለ። ካልሆነም እንክብሉ ውድ አይደለም። ለሐኪማችሁ «ቢ12 ይታይልኝ» ማለት በቂ ነው።

ሁለተኛው አይረን፣ የብረት ማዕድን ነው። ምስርም ጤፍም ጎመንም አይረን አላቸው። ግን ከዕፀዋት የሚገኘው አይረን እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ከምግቡ ጋር ሲኖር ይረዳዋል። ቡናና ሻይ ደግሞ ይከለክሉታል። እራት እንደተነሳ ቡና ማፍላት ደስ ይላል፤ ቢያንስ 1 ሰዓት ቆይቶ ቢሆን ግን ለሴቶቻችን ደም ይጠቅማል። ለልጆችም ሻይ ከምሳ ጋር አይሰጥ።

አያትና ጾም

ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይከሳል። ከወንበር መነሳትና ደረጃ መውጣት ይከብዳል፤ መውደቅም ይመጣል። ለዚህ ነው ብዙ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን የሚመክሩት። 65 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ቢያንስ 65 ግራም ማለት ነው። በቀን አንዴ፣ ለዚያውም በሁለት ጉርሻ፣ ይህ አይሞላም።

«እማዬ፣ ጾሙን ተይ» ብሎ መጨቃጨቅ ውጤት የለውም፤ ደግሞም አያስፈልግም። ጾሙ ከተፈታበት ሰዓት ጀምሮ እስከ መኝታ በ2 ወይም በ3 ጊዜ ከፋፍሎ ማቅረብ ይሻላል። ወፍራም ተጋቢኖ ከግማሽ ኩባያ ዱቄት 10 ግራም፣ 1 ኩባያ ምስር 18፣ ማታ 1 ኩባያ የሞቀ የአኩሪ አተር ወተት 7፣ 1 እፍኝ ኦቾሎኒ 7። ከእንጀራው ሌላ 42 ግራም ሆነ። ጥርስ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ኦቾሎኒው ይፈጭ፤ እልበት ወይም የሱፍ ፍትፍት ይሠራላቸው። ታመው መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከሐኪሙም ከንስሐ አባታቸውም ጋር መነጋገር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ መላ አላት። ኩላሊት የታመመ ሰው ግን ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ለእሱ ልኩ ሌላ ነው።

ሙስሊም ቤተሰቦችም በረመዳን ያው ጥበብ ይሠራላቸዋል። የምስር ሳምቡሳ ለኢፍጣር፣ ባቄላ ፉል ለሱሁር። ፉል በልቶ የጾመ ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚውል እናንተ ታውቁታላችሁ።

ከሰፈራችን የሚገኝ

ኮሎምቢያ ሃይትስ ለዚህ ጉዳይ ምቹ ሰፈር ነው። በ14ኛው ጎዳና የሳልቫዶር ጎረቤቶቻችን ከእኛ ጋር የሚመሳሰል ማዕድ አላቸው፤ ፑፑሳ በቦሎቄ ማለት የበቆሎ እንጀራ በጥራጥሬ ማለት ነው። ከሱቆቻቸው ደረቅ ቦሎቄ በትልቅ ከረጢት ግዙና በአዋዜ ወይም በቁሌት ሥሩት። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ቀዩን ቦሎቄ ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ድፉ፣ ከዚያ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል ይፍላ። በቀስታ ማብሰያ ድስት ብቻ የበሰለ ቀይ ቦሎቄ ሆድ ያውካል። የቆርቆሮውን ከገዛችሁ በውሃ ለቅለቅ አድርጉት፤ ጨው ይቀንሳል።

እርጉዝ ለሆናችሁ፣ ለምታጠቡና ከ5 ዓመት በታች ልጅ ላላችሁ ዊክ የሚባለው የምግብ ድጋፍ ደረቅ ጥራጥሬ፣ የኦቾሎኒ ቅቤና እንቁላል ይሰጣል። በወተት ፋንታ የአኩሪ አተር ወተት መጠየቅም ይቻላል። በዲሲ መንግሥት ቢሮዎች በአማርኛ አስተርጓሚ ማግኘት መብታችሁ ነው። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የቋንቋ ሕግ ይህን ይደነግጋል። «አማርኛ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አስተርጓሚ አታድርጉት።

ለ6 ዓመት ልጅ የአንድ የጾም ቀን ምግብ

ልጆች እስከ 7 ዓመታቸው የመጾም ግዴታ ባይኖርባቸውም ብዙ ቤት ከቤተሰቡ ጋር የጾም ምግብ ይበላሉ። እንዲህ ቢሆንስ?

ቁርስ፦ ግማሽ ኩባያ ኦትሚል በ1 ኩባያ የአኩሪ አተር ወተት የበሰለ። 12 ግራም።
ምሳ፦ ግማሽ ኩባያ አዚፋ በእንጀራ ተጠቅልሎ፣ ብርቱካን። 9 ግራም።
መክሰስ፦ ሙዝ በ1 የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ። ወደ 4 ግራም።
እራት፦ ግማሽ ኩባያ ፓስታ ምስር በገባበት የቲማቲም ስጎ። 10 ግራም።

ድምሩ 35 ነው። ልጅ ነውና ግማሹን ቢተወው እንኳ ወደ 18 ይጠጋል፤ የሚያስፈልገው 19 ነበር። እንግዲህ የእንጀራውን ገና አልቆጠርንም።

ለልጆች፦ እናንተም ሼፍ ናችሁ!

ልጆች፣ ይህ ክፍል የእናንተ ነው። አዚፋ ለመሥራት እሳት የሚያስፈልገው አንዴ ብቻ ስለሆነ እማማ ወይም አባባ ምስሩን ይቀቅሉላችሁ፤ የቀረው የእናንተ ሥራ ነው።

1 ኩባያ ድፍን ምስር ተቀቅሎ ሲቀዘቅዝ በሹካ በትንሹ ጨፍልቁት። ደቀቅ ያለ ሽንኩርት፣ የ1 ሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭና ጨው ጨምሩ። ቃሪያውን ለሚችል ብቻ! አማስሉና ፍሪጅ አስገቡት። ነገ እንጀራ ላይ ቀብታችሁ ጠቅልሉ፣ በቢላ እንዲቆርጡላችሁ አድርጉ፣ የምሳ ዕቃችሁ ውስጥ ክተቱ። ጓደኛችሁ «ምንድን ነው?» ካላችሁ ስሙን ንገሩት፤ አንዱንም አካፍሉት።

አሁን ደግሞ የወሩ ጥያቄ። ሳሚ ቁርሱ ላይ 1 ኩባያ የአኩሪ አተር ወተት ጠጣ። ምሳ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ በላ። እራት ላይ ግማሽ ኩባያ ምስር በላ። ዳቦውንና እንጀራውን ሳትቆጥሩ ስንት ግራም ፕሮቲን አገኘ? ላይኛው ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ፈልጉና ደምሩ። 23 ካላችሁ ጎበዝ!

ወላጆች፣ አንድ ማሳሰቢያ አለን። 4 ዓመት ላልሞላው ልጅ ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒ አትስጡ፤ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። የተፈጨው ግን ይሆናል። የበቀለ ምስር ወይም ባቄላ፣ በቆልት የምንለው፣ ለልጆችና ለእርጉዞች ጥሬውን ሳይሆን ተቀቅሎ ይቅረብ።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ። ከሽሮው ድስት ፊት ስትቆሙ 1 ጭልፋ ውሃ ቀንሳችሁ 1 እፍኝ ዱቄት ጨምሩ። ለውጡን ልጆቹ ባያዩት ሰውነታቸው ያየዋል። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ጤና ይስጥልን።